ማሙሽ የጻፈው አይጠፋም

የሰው ሠራሽ ጥርስ ወርክሾፑን ባለቤት ጋሼን ሞቶ ያገኘችው ጥርስ ቀቢዋ ናት። ጠዋት ሥራ ስትገባ የጄሶው ክፍል መብራት እንደበራ አየች። ጋሼ ደግሞ መብራት ሲባክን አይቶ ዝም የሚል ሰው አልነበረም፤ አምፖል ሳያጠፋ የወጣን ሠራተኛ ሳምንት ሙሉ ያኮርፈዋል። ስለዚህ በሩን የገፋችው ቀስ ብላ ነው። ገፍታ ስታይ ጮኸች፤ ዘበኛው ሮጦ ደረሰ፤ ከዚያ ፖሊስ ተጠራ።

ኢንስፔክተሩ ሲመጣ ሟቹ በጎኑ እንደተጋደመ ነበር። ነጩ ጋወን በጄሶ ዱቄትና በደም ተለውሷል። ከራሱ አጠገብ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ቅርጹን እስኪይዝ የሚታሰርበት፣ ጡብ የሚያህል የነሐስ ሣጥን ወድቋል። መደርደሪያዎቹ ላይ የደንበኞች የጄሶ መንጋጋዎች ተደርድረዋል። ጥግ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ የለበሰ ኮምፒውተር አለ፤ ፕላስቲኩም በነጭ ዱቄት ተሸፍኗል።

“ጭንቅላቱን ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ” አለ የፖሊስ ሐኪሙ። “ትናንት ማታ፣ ገና በጊዜ።”

ኢንስፔክተሩ ሬሳውን አየ፤ ምንም አልተሰማውም። ይህ የሙያ ጥንካሬ እንዳይመስላችሁ። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ምንም ነገር አይሰማውም። ሻይ ይጠጣል፤ ስኳር ይኑረው አይኑረው አያውቅም። ቀልድ ሲነገር ሌሎቹ ሲስቁ አይቶ ይስቃል። ባልደረቦቹ “ጀግና ነው፣ ቻለው” ይሉታል። አልቻለውም፤ ገና አልደረሰበትም እንጂ።

“ጌታዬ፣ ይቺን ይዩ።” ሳጅኑ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ በወረንጦ ሲም ካርድ አነሣ።

የማን እንደሆነች ለማወቅ ብዙ አልደከሙም። ጥርስ ቀቢዋ ዓይኗን እየጠረገች ሁሉንም ተናገረች። ሲሙ የጋሼ ታናሽ ወንድም ስልክ ላይ የነበረ ነው። ስሙ በወረቀት ላይ ሌላ ነው፤ ቤተሰቡም ሠራተኛውም የሚጠራው ግን ማሙሽ እያለ ነው። ጺሙ ደረቱ ጋ የደረሰ፣ ሚስት ያገባ፣ አሁን ደግሞ ልጅ የወለደ ማሙሽ። ትናንት ቀን ወንድማማቾቹ ተጣልተዋል።

“በምን?”

“ደንበኞቹን ከእኔ እየደበቅክ ነው አለው። ጋሼም አንተ ነህ ለሐኪሞቹ መልስ የማትሰጥ አለው። ዓይናቸው ደም ለበሰ። በመጨረሻ ማሙሽ ሲሙን ከስልኩ ነቅሎ ወረወረበት። ‘የድርጅትህን ሲም እንካ፤ ማታ መጥቼ እንተያያለን’ ብሎ ወጣ።”

“እንተያያለን አለ?”

“ሁላችንም ሰምተናል” አለች፤ የተናገረችው ነገር ክብደት የገባት ከተናገረችው በኋላ ነው።

ዘበኛው ደግሞ በግቢው በር የገባ እንግዳ አላየሁም ብሎ ማለ። የማለው ዓይኑን እያሻሸ ስለነበር ማንም አላመነውም። ማሙሽ የመንገዱን በር ቁልፍ እንደያዘ ነው።

እንግዲህ የዚህን ቤት ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጋሼ በሥራ ጉዳይ ስልክ አያነሳም። አንድ ጊዜ በስልክ የታዘዘ ጥርስ ለሌላ ሰው አፍ ተሠርቶ ከደንበኛ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆነ ወዲህ፣ “አትንገረኝ፣ ጻፍልኝ” የቤቱ ሕግ ሆነ። ለዚህም ብሎ በኢንተርኔት ላይ ለወርክሾፑ የራሱን አድራሻ ገዛ፤ ለሁሉም ከኋላው የወርክሾፑ ስም ያለበት ኢሜይል ተከፈተላቸው። የመንጋጋ ልክ የሚልኩት የጥርስ ሐኪሞች በዚያ ይጽፋሉ። ጥርስ ቀቢዋ ፈቃድ የምትጠይቀው በዚያ ነው። ወንድማማቾቹም በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ተቀምጠው፣ የሚኮራረፉትም የሚታረቁትም በኢሜይል ነበር።

ኢሜይሉን የሚያስተዳድረው ልጅ ተጠርቶ መጣ። ሰፈሩ ዶት ኮም ይለዋል፤ እሱም ይወደዋል። የፊት ዴስኩ ላይ ተቀምጦ የጋሼን የመልእክት ሳጥን ከፈተ። ከሐኪሞች የመጣ ብዙ ነገር አለ፤ ከማሙሽ የመጣ ግን ምንም የለም። የማሙሽንም ከፍቶ የላካቸውን ፈለገ፤ ባዶ ነው።

“ያኛውንስ? የጄሶ ክፍሉን?” አለ ሳጅኑ።

“ምን ይሠራልሃል?” ዶት ኮም ሳቀበት። “ኢሜይል እኮ አንድ ነው። ከዚህ አየኸው፣ ከስልክ አየኸው፣ ከዚያ አየኸው፣ ያው ነው።”

ሳጅኑ አፈረ። ክፍሉ ታሸገ፤ ፕላስቲኩን ማንም አልገለጠም።

ከግድግዳው ወዲያ፣ በውስጥ በር ከወርክሾፑ ጋር በሚገናኘው ቤት ውስጥ፣ ታላቅ እህታቸው ተቀምጣለች። እቴቴ ይሏታል። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ሁለቱንም ያሳደገች እሷ ናት፤ ባል ሳታገባ፣ ቤት ሳትለይ። የፊት ዴስኩም ሥራ የእሷ ነው። ኢንስፔክተሩ ሲገባ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ አላለቀሰችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መዳፏን ትመለከታለች።

“ማታ ድምፅ አልሰሙም?”

“በጊዜ ነው የተኛሁት።”

“ማሙሽ መጥቶ ነበር?”

“አልመጣም” አለች ቶሎ። ከዚያ ረጋ ብላ “ኢሜይሉን እዩ” አለች። “ማሙሽ የሚያስበውን ሁሉ ይጽፋል። ማሙሽ የጻፈው አይጠፋም።”

“አይተናል። የጻፈው ነገር የለም።”

ቀና ብላ አየችው። “የለም?”

“የለም።”

ወደ ውስጥ በሩ ዘወር ብላ አየች።

ማሙሽን በነጋታው ያገኙት በአማቾቹ ቤት፣ ሕፃን ታቅፎ ነው። ሲይዙት ልጅቷን ለሚስቱ አቀበለ እንጂ አልታገለም። ጋሼ መሞቱን የሰማው መኪና ውስጥ ነው። ኢንስፔክተሩ ምርመራው እስኪያልቅ ዘመድ እንዳይጎበኘው አዘዘ።

“ማታ እመጣለሁ ብለህ ዝተሃል” አለው ጠረጴዛው ላይ።

“ብያለሁ። በንዴት ነበር። ወጥቼ ትንሽ ስሄድ ንዴቱ በረደልኝ፤ ሚስቴ እናቷ ጋ ወልዳ ልጄን እንኳ ገና አላየሁም። የጭነት መኪና ለምኜ ሄድኩ።”

“የሹፌሩ ስም?”

“አልጠየቅኩትም።”

“ታርጋው?”

“ጌታዬ፣ በነፃ ያሳፈረን ሰው ታርጋ ማን ያያል?”

“ስልክህ ከወርክሾፑ አልወጣም። የቴሌ መረጃ የመጨረሻው እዚያ ነው ይላል። ሲሙ ደግሞ ሬሳው አጠገብ ተገኝቷል።”

“ቀን ነው የወረወርኩት! ሁሉም አይተዋል። ስልኩ ያለ ሲም ነበር። መንገድ ላይ ሻይ ቤት ቆምን፤ ዋይፋይ ነበረው። በዚያ ለጋሼ ጻፍኩለት።”

“ምን ብለህ?”

“ይቅርታ ብዬ። አልመጣም፣ ልጄን አይቼ ስመለስ እናወራለን ብዬ። ከዚያ የሥራውን ኢሜይል ከስልኬ ላይ አጠፋሁት።”

“ለምን?”

ማሙሽ ጺሙን ያዘ። “መልሱን ላለማየት። ጋሼ ሲመልስ ያቃጥላል። ልጄን በደህና ሆድ ልያት ብዬ ነው።”

“ኢሜይሉ የለም፤ ከአንተም አልወጣም፤ ለእሱም አልደረሰም።”

“ልኬዋለሁ።”

“የለም እኮ ነው የምልህ።”

“ታዲያ እሱንም ደበቀው ማለት ነው” አለ ማሙሽ ድምፁ ሰልሎ። “ወር ሙሉ እንደደበቀኝ። አንድም ሐኪም አይመልስልኝም፤ አንድም! ቆሻሻ መስዬ ቀረሁ። እሱ ነው አትመልሱለት ያላቸው ብዬ አልነበር የተጣላሁት?”

ኢንስፔክተሩ የተባለውን ጽፎ ሰጠው፤ ማሙሽ ፈረመ። ሳጅኑ ወደ ክፍሉ ሲወስደው የጫማው ክር ስለተፈታ እየተጎተተ ሄደ። ኢንስፔክተሩ በዚህ ሰው ላይ ሊወርድ ያለውን ነገር ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ። ልጅቷን የሚያውቃት በመጠየቂያ ሰዓት ይሆናል። ይህን ሁሉ አሰበው፤ ግን የሰው ሸክም በሩቅ እንደሚታይ ሆኖ ብቻ ነው የታየው።

እቴቴ ጣቢያው ድረስ መጣች። ወሩ ደረቅ ነው፤ ከተማው ጠብታ ካየ ቆይቷል፤ ነጠላዋም ጫማዋም አቧራ ለብሰዋል። ብርድ ልብስና የውስጥ ልብስ ይዛለች።

“አይገባም፤ ተከልክሏል” አላት ኢንስፔክተሩ። “ልብሱን ግን እናደርስለታለን።”

“ኢሜይሉ አልተገኘም?”

“አልተገኘም።”

“ደግመው ቢያዩስ? እነዚህ ኮምፒውተሮች እኮ አንዳንዴ ይደብቃሉ።”

“እቴቴ፣ ባለሙያው አይቶታል።”

“እሱ ሲያወራ እንጂ ሲሠራ አላየሁትም” አለች በምሬት። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፏ ያዘች። “ልጁን ሊያይ በዚያ ዝናብ መንገድ የገባን ሰው ነው ያሰራችሁት። ምን ዓይነት ልብ ነው ያላችሁ?”

ምን ዓይነት ልብ እንዳለው ኢንስፔክተሩ ራሱ ቢጠየቅ አያውቅም። የተናገረችውን ግን ሰማው፤ ከአንድ ጆሮ ገብቶ የሆነ ቦታ ላይ ተቀመጠ። ሐዘን ያደናገራት መስሎት ብርድ ልብሱን ተቀበላት።

ሳጅኑ ሌላ ተጠርጣሪ አለኝ ብሎ መጣ። አንድ የጥርስ ሐኪም ከግድያው በፊት ወርክሾፑ ድረስ ሄዶ ጋሼ ላይ ጮኾበታል፤ “አንድ ቀን ታገኛታለህ” ብሎታል አሉ። ክሊኒኩ ሲደርሱ ሐኪሙ በሽተኛ አፍ ውስጥ ሁለት እጁን ከትቷል። በጓንቱ በር ጠቁሟቸው ጨርሶ ወጣ።

“ጮኼያለሁ፣ አዎ። እጮኻለሁ” አለ። “የዚያን ዕለት ማታ ግን እዚሁ ነበርኩ፤ መንጋጋው የተሰበረ ሰው መጥቶብኝ። ነርሷን ጠይቁ፣ በሽተኛውንም ጠይቁ፤ መናገር ከቻለ።”

“ለምንድን ነው የጮኹት?”

“ማሙሽ ነዋ! ‘ዶክተር፣ የጥርሱ ቀለም የትኛው ይሁን’ ብሎ ይጽፍልኛል። እመልስለታለሁ። ‘ምነው ዝም አሉኝ’ ብሎ ደግሞ ይጽፋል። ደግሜ እመልሳለሁ። ‘ቅር አሰኝቼዎታለሁ?’ ይላል። ሰው እንዲህ ይቀልዳል? ጋሼ ዘንድ ሄጄ ወንድምህ አብዷል አልኩት።”

ነርሷም በሽተኛውም ቃሉን አጸኑለት፤ በሽተኛው በጽሑፍ። ሳጅኑ ቅስሙ ተሰብሮ መኪና ውስጥ ገባ። ኢንስፔክተሩ ግን ሞተሩን አላስነሳም።

“ሐኪሙ መለስኩ ይላል። ማሙሽ አልመለሱልኝም ይላል” አለ። “አንዱ ለምን ይዋሻል? ማንን ይጠቅማል?”

“ማሙሽ ይዋሻላ፣ ጌታዬ።”

“ዶት ኮምን ጥራው። የማሙሽን ሳጥን ድጋሚ ልይ፤ የላከውን ሳይሆን የመጣለትን።”

ዶት ኮም ከፈተው። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ባልተነበበ መልእክት ደማቅ ጽሑፍ ተሞላ። የሐኪሞች መልስ ነው ሁሉም፤ ስለ ቀለም፣ ስለ ልክ፣ ስለ ቀጠሮ። አንዱም አልተነበበም። የመጀመሪያውም አልተነበበም።

“ሰነፍ ነው” አለ ዶት ኮም።

“መልስ አጣሁ ብሎ ወንድሙን የሚጣላ ሰው፣ የመጣለትን መልስ የማይከፍተው ለምንድን ነው?” አለ ኢንስፔክተሩ። “ወር ሙሉ። ከወር በፊት ምን ነበር?”

“ምንም። ኢሜይሉ የሚቀመጥበትን ሰርቨር ቀየርን። አሮጌው ይዘገይ ስለነበር ኢሜይሉን ወደ አዲስ ድርጅት አዛወርኩት።”

“የሁሉንም ስልክና ኮምፒውተር ቀየርክ?”

“የሁሉንም።”

“የማሙሽንም ስልክ?”

ዶት ኮም ጣቱን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። “እሱ… ሚስቱን ለወሊድ እናቷ ጋ ሊያደርስ ሄዶ እዚህ አልነበረም። ግን እንዴት እንደሚቀይረው በዝርዝር ልኬለታለሁ።”

“በምን ላክህለት?”

“በኢሜይል።”

“በየትኛው ሳጥን?”

ልጁ ወደ ስክሪኑ ታች ወረደ፤ ከሁሉም ሥር፣ ሳይነበብ፣ የራሱ መልእክት ተቀምጧል፤ “አዲሱን ኢሜይል እንዴት እንደምትከፍት” ይላል። ዶት ኮም ፊቱ አመድ መሰለ።

“የጄሶ ክፍሉንስ ኮምፒውተር?” አለ ሳጅኑ፤ ያለፈውን ሳቅ አልረሳውም።

“ጋሼ አባረረኝ። ጄሶ ሲቦካ ሰው አይገባም፣ የሐኪሞቹን ከስልኬ አያለሁ አለ። ቆይቼ እሠራዋለሁ ብዬ ረሳሁት።” በረጅሙ ተነፈሰ። “ቤት እንደ መቀየር ነው። ፖስተኛው አዲሱን ቤት ያውቃል፤ ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ እዚያ ያደርሳል። አሮጌው ቤት ግን አልፈረሰም። እዚያ የቀሩት የማሙሽ ስልክና የጄሶው ክፍል ናቸው። ለውጭ ሰው ሲጽፉ ይወጣል። አንዱ ለአንዱ ሲጽፍ ግን አሮጌው ሰርቨር ‘የቤቴ ሰው ነው’ ብሎ እዚያው ያስቀረዋል። እኛ የምናየው ጋ አይመጣም።”

እሽጉን ቀደው ገቡ። ሳጅኑ ፕላስቲኩን ሲገልጥ ዱቄቱ ክፍሉን ሞላው፤ ሦስቱም ሳሉ። ኮምፒውተሩ ተነሣ። ከሁሉ በላይ የማሙሽ መልእክት ነበር፤ ተነቧል።

“ጋሼ፣ ማታ አልመጣም። ልጄን ላይ እየሄድኩ ነው። እዚህ ዝናቡ ድልድዩን ሞልቶት ሻይ ቤት ተቀምጠናል። ቀን የተናገርኩትን እርሳልኝ፤ ወር ሙሉ አንድም ሐኪም ስላልመለሰልኝ ተከፍቼ ነው። ልጅቷን አይቼ ስመለስ እንነጋገራለን። እቴቴን እንዳታስጨንቅብኝ።”

ከሥሩ ተጀምሮ ያልተላከ ሌላ ጽሑፍ አለ፤ ለሐኪሞቹ ሁሉ የተዘጋጀ። “ወንድሜ ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ጋር አይሠራም። አድራሻውም ተዘግቷል” ይላል። በዚያ ይቆማል።

የቀረው ፈጥኖ መጣ። አሮጌው ድርጅት መዝገቡን አይቶ መልእክቱ የተላከው ከዚያ ሩቅ መንገድ፣ ከሻይ ቤቱ ኢንተርኔት መሆኑን ነገራቸው። የመንገዱ ትራፊክ ፖሊስ ድልድዩ እስኪነጋ ድረስ ተዘግቶ እንዳደረ፣ ወዲህም ወዲያም ያለፈ መኪና እንደሌለ አረጋገጠ። የፖሊስ ሐኪሙ ካለው ሰዓት ጋር ሲያስተያዩት፣ ጋሼ ሲመታ ማሙሽ ከድልድዩ ወዲያ ሻይ ይጠጣ ነበር። ለምን እንደቆሙ ያኔ ቢጠየቅ ኖሮ ይናገር ነበር፤ ማንም አልጠየቀውም።

“ነፃ ነው!” አለ ሳጅኑ ደስ ብሎት። “ጌታዬ፣ ነፃ ነው እኮ!”

ኢንስፔክተሩ ግን ስክሪኑ ላይ አንዲት ቃል ያያል። ዝናብ። ጫማው ላይ ያለውን አቧራ አየ። ይህን መልእክት ሊያነብ የሚችለው እዚህ ክፍል፣ እዚህ ወንበር አጠገብ የቆመ ሰው ብቻ ነው፤ ያን ማታ ብቻ፤ ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ታሽጓል። ማሙሽን ደግሞ ዘመድ አላየውም።

“አንተ እዚህ ቆይ” አለው ሳጅኑን፤ የውስጡን በር ብቻውን አንኳኳ።

እቴቴ ጠረጴዛዋ ላይ ከክሊኒክ የመጡ የመንጋጋ ልኮችን ትለያለች። ሥራው ቆሟል፤ እጇ ግን አልቆመም። ፊቱን አየችና የያዘችውን አስቀመጠች።

“ተገኘ?”

“ተገኘ። ጄሶ ክፍል ነበር።”

ዓይኗን ጨፈነች። ትከሻዋ ሲወርድ አየው፤ ሸክም እንዳወረደ ሰው። “መጀመሪያ ቀን ታገኙታላችሁ ብዬ ነበር። ተቀምጬ የጠበቅኩት እሱን ነው። የለም ስትሉኝ… ኮምፒውተሩን ፕላስቲኩን መልሼ ያለበስኩት እኔው ነኝ፤ እዚያ አለ ብዬ እንዴት ልንገራችሁ?”

“ዝናቡን ነግረውኛል።”

“ነገርኩዎት?” አሰበች። “ነገርኩዎት ለካ።”

ተቀመጠ። አልቸኮለም፤ የሚያስቸኩለው ነገርም አልተሰማውም።

“ሻይ ይዤለት ገባሁ” አለች። “ነይ አንብቢ አለኝ። አነበብኩ። በል ይቅርታ ጠየቀህ አይደል፣ ተወው አልኩት። ‘ይቅርታ ሲጠይቅ እንኳ ይዋሻል፤ ሐኪሞቹ ሲመልሱለት በዓይኔ አይቻለሁ’ አለ። እኔም አይቻለሁ፣ ለፊት ዴስኩም ግልባጩ ይመጣል። እንደሚዋሽ አውቄያለሁ። ቢሆንስ? ዋሽቶስ ቢሆን? እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኩት። ለሐኪሞቹ ሁሉ ሊጽፍ ጀመረ። እስኪነጋ ቆይ አልኩት። ለመንኩት። ‘እቴቴ፣ ውጪ’ አለኝ፤ ሳያየኝ። የነሐሱን ሣጥን ከእግሬ ሥር አንሥቼ ይዤው ነበር። እጄ ላይ ነበር።” መዳፏን አየችው። “እሱንም እኮ አዝዬዋለሁ።”

“ማሙሽ አልዋሸም” አለ ኢንስፔክተሩ።

“ምን?”

“ስልኩ ሳይቀየር አሮጌው ሰርቨር ላይ ቀርቶ ነው። መልሶቹ ሌላ ቦታ ነበር የሚገቡት። አንዱንም አላየም።”

ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። “ስለዚህ ማሙሽ አልዋሸም።”

“አልዋሸም።”

“ጋሼም?”

“ጋሼም አልዋሸም።”

ልኮቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶናቸው መለሰች፤ ክዳኑን ገጠመች። ሲወጡ የፊት ዴስኩን መብራት አጥፍታ ነው የወጣችው። በሩ ላይ ቆም አለች።

“ይወጣል አይደል?”

“ዛሬውኑ።”

“ከሰው አፍ እንዳይሰማው። እርስዎ ራስዎ ይንገሩት።”

“እሺ” አለ። ለሥራው ሲል ከሚላቸው እሺዎች አንዱ ነበር።

ማሙሽን ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮው አመጡት። ቀበቶውንና የጫማውን ክር መለሱለት። ፈረመ። እቴቴ ይዛ የመጣችው ብርድ ልብስ በክንዱ ላይ ታጥፏል።

“ኢሜይልህ ተገኝቷል” አለው ኢንስፔክተሩ።

“ጋሼ አንብቦት ነበር?”

“አንብቦታል።”

“ምን አለ?”

“መልስ አልላከም።”

ማሙሽ ራሱን ነቀነቀ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግን ትንሽ ቀለለው። “አነበበው ግን። እሱም ይበቃል።” አፍንጫውን ጠረገ። “ማነው ታዲያ የገደለው?”

“ተቀመጥ።”

“እቀመጣለሁ። ቆይ፣ መጀመሪያ ለእቴቴ ልንገራት፤ በእኔ ስትጨነቅ ሞታለች። መጥታ ትውሰደኝ።” የጠረጴዛውን ስልክ እጁን ዘርግቶ አነሣ። “ቁጥሯን በቃሌ ነው የማውቀው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አልቀየረችም።”

ኢንስፔክተሩ እጁን ስልኩ ላይ መጫን ይችል ነበር። እጁ አልታዘዘውም። ማሙሽ ቁጥሮቹን ሲነካ አየው፤ እቴቴ ፈርማ ያስረከበችው ስልክ በላስቲክ ተጠቅልሎ ገና ወደ ዕቃ ክፍል ሳይሄድ መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ያውቃል። ዓይኑ ሞቀ፤ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። “ማሙሽ” አለ፤ ድምፁ አልወጣም።

“እየጠራ ነው” አለ ማሙሽ ፈገግ ብሎ።

ከዚያ፣ ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ፣ የሚጮኸውን መሳቢያ ዞሮ አየ።